ስለ «ስትራግል» ቃል ትርጓሜና አገባብ

የእንግሊዝን ቋንቋ የሚማር ሰው «ስትራግል» የሚለውን ግሥ በመዝገበ ቃላት ቢፈልገው «መታገል» የሚል ፍቺ ያገኛል። ፍቺው ስሕተት አይደለም፤ ነገር ግን በዚህ ብቻ የተወሰነ ተማሪ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። መምህር ስለ አንድ ልጅ ትምህርት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ «ስትራግልስ ዊዝ ሪዲንግ» ቢል፥ ቃል በቃል የሚተረጕም ሰው «ከንባብ ጋር ይታገላል» ብሎ ልጁን እንቢተኛ ያደርገዋል። መምህሩ ግን ያለው «ልጁ ይጥራል፤ ንባቡ ግን ይከብደዋል» ነው። የፊተኛው ትርጓሜ ልጁን ለአለንጋ ያደርሰዋል፤ የኋለኛው ረዳት ያስገኝለታል። ስለዚህ የቃሉን ጠባይ ደኅና አድርጎ ማወቅ ይገባል።

ቃሉ አስቀድሞ የሚነገረው ስለ ሰውነት ነው። በረግረግ የተያዘ በሬ ለመውጣት ሲፍጨረጨር፥ የታሰረ ሰው ለማምለጥ ሲወራጭ «ስትራግል» ይባላል። ሁለት ሰዎች ተያይዘው ለመጣጣል የሚያደርጉት ግብግብ ግን «ረስል» የሚባል ሌላ ግሥ አለው። በ1611 ዓመት፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ በታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ፥ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 ዔሳውና ያዕቆብ በርብቃ ማሕፀን መገፋፋታቸው በፊተኛው ቃል ተጽፏል። በምዕራፍ 32 ያዕቆብ እስኪነጋ ድረስ መታገሉ ግን በኋለኛው ቃል ተጽፏል።

የቃሉን ምሥጢር የሚገልጡት ተከትለውት የሚመጡት ትንንሽ ቃላት ናቸው።

«ዊዝ» ሲከተለው አስቸጋሪውን ነገር ያሳያል፤ ሒሳብ ለሚከብደው ተማሪ ይነገራል።
«አጌንስት» ሲከተለው የሚቃወሙትን ያሳያል፤ ግፍን ወይም በሽታን ለሚቋቋም ይነገራል።
«ፎር» ሲከተለው የሚፈልጉትን ያሳያል፤ ስለ ነጻነት ለሚጋደል፥ ስለ ዕለት እንጀራም ለሚደክም ይነገራል።
«ቱ» ከሌላ ግሥ ጋር ሲከተለው በጭንቅ የሚሠራውን ሥራ ያሳያል፤ ከሕመም ተነሥቶ ለመቆም ለሚጣጣር ይነገራል።

ለዚህ ግሥ ጠላት መኖር የግድ አይደለም። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ዓመት፥ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር፥ ስለ ፍጥረታት ዝርያ አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ ሦስተኛውን ምዕራፍ ስለ ሕይወት በሚደረግ «ስትራግል» ሰይሞታል። በዚያም በምድረ በዳ ዳር የበቀለች ተክል ከድርቅ ጋር ስለ ሕይወቷ ትታገላለች ማለት እንደሚቻል አስረድቷል። ተክሊቱ እጅ የላትም፤ ሰይፍም አትመዝም፤ ነገር ግን ውሃ እያነሳት ለመኖር ትጣጣራለች።

እንግዲህ ሁለት ነገር አስተውሉ። ፊተኛው፥ ይህ ግሥ ብቻውን ድልንም ሽንፈትንም አይናገርም፤ «ስትራግልድ» የተባለ ሰው ተሳክቶለት እንደ ሆነ የሚታወቀው ከሚቀጥለው ነገር ነው። ሁለተኛው፥ ጥረት በሌለበት ስፍራ ይህ ቃል አይገባም። ሰነፍ ተኝቶ ሳለ «ስትራግል» አይባልለትም። ስለዚህ መምህሩ ስለ አንድ ልጅ ይህን ቃል ቢጽፍ፥ አባት የልጁን ድካም ብቻ ሳይሆን ትጋቱንም ያንብብ።