የፋሲካ ወጪና ብድር



ፋሲካ ሲቃረብ ማጻው፣ ሥጋው፣ የልጆቹ ልብስና የቤቱ ዕቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ገንዘብ ይጠይቃል። ባለ ሱቁም «ዛሬ ውሰዱ፣ በታሽሉሚም ትከፍላላችሁ» ይላችኋል። ታሽሉሚም በየወሩ እየተከፋፈለ የሚከፈል ዕዳ ነው።

1,200 ሸቅል የሚያወጣ ቴሌቪዥን በ12 ወር ክፍያ ብትገዙ በወር 100 ሸቅል ነው። ቀላል ይመስላል። በዚሁ ዋጋ ሌሎች ሁለት ዕቃዎች ብትጨምሩ ግን በየወሩ 300 ሸቅል ከደመወዛችሁ ይቆረጣል፤ ዕዳውም እስከሚመጣው ፋሲካ ይከተላችኋል።

ስለዚህ አስቀድማችሁ ባልና ሚስት ተቀምጣችሁ የቤት ኪራዩን፣ የመብራቱን፣ የውኃውንና የአርኖናውን ሒሳብ ጻፉ። ለበዓሉ የሚውለው ከዚያ የተረፈው ነው።

ከመፈረማችሁ በፊት «ወለድ አለው ወይ? በጠቅላላው ስንት እከፍላለሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ክሬዲት» የሚባለው ክፍያ ወለድ አለው። በባንክ ሚኑስ ውስጥ መግባትም ወለድ የሚቆጠርበት ብድር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ አበዳሪው የብድሩን እውነተኛ ወጪ በጽሑፍ እንዲገልጽ ያስገድዳል። ዕብራይስጡ ከከበዳችሁ የምታምኑት ሰው ሳያነብላችሁ አትፈርሙ። ዘመድ «ዋስ ሁነኝ» ቢላችሁም፣ እሱ ባይከፍል ባንኩ እናንተን እንደሚጠይቅ እወቁ።

በአገራችን እቁብ የጣለ ሰው ይህን ያውቃል፤ ከዘንድሮው በዓል ማግሥት ጀምራችሁ በወር 100 ሸቅል ብታስቀምጡ፣ ለከርሞ 1,200 ሸቅል በእጃችሁ ይኖራል። በዓል ያልፋል፣ ዕዳ ግን ይቀራል።

መልካም በዓል!