የምርጫ ባጅ፦ ሸቀጥ ወይስ የታሪክ ምስክር?

አንድ ዕቃ በገበያ ዋጋው ብቻ ሲመዘን የተሠራበት ዓላማ ይዘነጋል። ለዚህ በቂ ምሳሌ የሚሆነን በአሜሪካ የምርጫ ውድድር ወቅት በደረት ላይ የሚደረገው ባጅ ነው።

ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በ1789 የፕሬዚዳንትነቱን ሥልጣን ሲረከቡ የስማቸው መነሻ ፊደላት የተቀረጹባቸው የናስ ቁልፎች በደጋፊዎቻቸው ልብስ ላይ ታይተዋል። ይሁን እንጂ ባጅ ለሰፊው ሕዝብ የተዳረሰው ከ1896 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በኒው ጀርሲ፣ ኒውዋርክ ከተማ የነበረው የኋይትሄድና ሆግ ኩባንያ በወረቀት የታተመን ምስል በስስ ሴሉሎይድ ሸፍኖ በክብ ብረት ላይ የሚያጠብቅበትን ዘዴ በፈጠራ መብት አስመዘገበ። የማኪንሌይና የብራያን ውድድርም በእነዚህ ርካሽ ባጆች ተጥለቀለቀ።

ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ከሚፈለጉት አንዱ በ1920 አብረው የተወዳደሩትን የጄምስ ኮክስንና የፍራንክሊን ሩዝቬልትን ምስል ጎን ለጎን የያዘው ባጅ ነው። ሁለቱ በምርጫው ተሸንፈዋል። ባጁ ግን ጥቂት ብቻ በመገኘቱ በጨረታ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያወጣል። እንግዲህ ዋጋውን የወሰነው መልእክቱ ሳይሆን ብርቅነቱ ነው።

በዚያው ምርጫ ግን ሌላ ባጅም ነበር። የባቡር ሠራተኞች መሪ የነበሩት ሶሻሊስቱ ዩጂን ዴብስ በ1918 ጦርነቱን ተቃውመው ባደረጉት ንግግር የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶባቸው በአትላንታ ወህኒ ቤት ሳሉ ተወዳደሩ። የደጋፊዎቻቸው ባጅ የእስረኛ ቁጥራቸውን፣ 9653ን፣ በይፋ ያዘ። ከ900,000 በላይ መራጮችም ድምፃቸውን ሰጧቸው። ሊያዋርዳቸው የተሰጠ ቁጥር በሠራተኛው ደረት ላይ የክብር ምልክት ሆነ። ይህን የዋጋ ዝርዝር ብቻውን አይነግረንም።

የዋጋው መናር አስመሳዮችንም አፍርቷል። በ1973 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ተመሳስሎ የሚሠራ የፖለቲካ ዕቃ የተመረተበትን ዓመት እንዲይዝ ያስገድዳል። ይህ ሲባል ሰብሳቢዎችን መንቀፋችን አይደለም፤ ሌላው የጣለውን አንስተው ባያቆዩ ኖሮ ብዙው ማስረጃ በጠፋ ነበር።

እኛ የምንለው አንድ ነው። ማን እንደያዘው፣ በየትኛው ሰልፍ ወይም ስብሰባ እንደዋለ ያልተጻፈለት ባጅ ተራ ቆርቆሮ ሆኖ ይቀራል። ስለሆነም በየቀበሌውና በየሠራተኛ ማኅበሩ የሚገኙ ወገኖች በየሣጥናቸው ያኖሩትን ባጅ ከመጣላቸው ወይም ከመሸጣቸው በፊት ታሪኩን በወረቀት ላይ ያስፍሩ። ለልጆቻችን የሚቆየው እውነተኛ ዋጋ እርሱ ነው።