መጀመሪያ ድርቆሹ

እናቴ ከከረጢቱ አንድ እፍኝ ድርቆሽ ዘገነችና አሸተተችው። በመዳፏ አሸት አሸት አደረገችው፤ አንዷን ዘለላ መዝዛ አጠፈቻት። «ይኼ ዝናብ አልመታውም። አረንጓዴው ገና አለቀቀውም» አለች። ከሳምንት በፊት ከደብረ ብርሃን መጥታ የልጄን ጊኒ ፒጎች ስታይ «አይጥ ቤት ውስጥ ይቀለባል እንዴ?» ብላ ከሳሎኑ በር አልፋ ለመግባት ያመነታች ሴት ናት። ድርቆሹ ጋ ስትደርስ ግን የምታውቀውን ነገር አገኘች። ከብትና በግ ሲያረባ የኖረ ሰው መኖን በጠረኑ ይለያል።

ልጆቻቸው «ጊኒ ፒግ ይገዛልን» እያሉ የሚወተውቷቸው፣ «እሺ» ለማለትም የተቃረቡ ወላጆች እንዳሉ ስለማውቅ ነው ይህንን የምጽፈው። እኛ «እሺ» ያልነው ቅዳሜ ጠዋት ነበር። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ሁለት ጊኒ ፒጎች ቀዳዳ በተበጀለት ካርቶን ይዘን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርታማችን ገባን። ሻጩ «ለጀማሪ የሚያስፈልገው ሁሉ ተሟልቶላችኋል» ብሎ ያስያዘን ዕቃ አንድ ጠባብ የሽቦ ቤት፣ በቀለም ያሸበረቀ የእህል ቅይጥና አንድ ከረጢት የጥድ ፍቅፋቂ ነበር። ድርቆሽ የሚባል አልነበረበትም። «ሁለቱም ሴቶች ናቸው» የተባልነውም ስህተት ሆኖ ተገኘ። ሦስት ወር ሳይሞላ አንድ ማለዳ ልጄ እየጮኸች ቀሰቀሰችን፤ ሁለቱ አምስት ሆነው አድረዋል። ዛሬ ቢሆን መጀመሪያ ቤቱን እሠራለሁ፣ ድርቆሹን አስገባለሁ፣ ሐኪሙን አፈላልጋለሁ፤ እንስሳቱን የማመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ስሙ ሁለት ጊዜ ያሳስታል። ጊኒ ፒግ የጊኒ አገር እንስሳ አይደለም፤ ከአሳማም ጋር ዝምድና የለውም። አገሩ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። የፔሩና የቦሊቪያ ደጋ ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት አላምደውታል፤ «ኩይ» ይሉታል፤ ስሙ ከድምፁ የወጣ ነው ይባላል። ያላመዱት ለመብል ነበር፤ ዛሬም በፔሩ የበዓል ምግብ ነው። ኩስኮ ከተማ ካቴድራል ውስጥ ማርኮስ ሳፓታ የተባለ ሠዓሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የሣለው የመጨረሻው እራት ሥዕል አለ፤ በጌታና በሐዋርያቱ ማዕድ መሃል ሳህን ላይ የተጋደመውን እንስሳ ብዙዎች ኩይ ነው ይሉታል። ወደ አውሮፓ የተሻገረው በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን እዚያ ግን ከገበታ ይልቅ ለልጆች ጭን ተመረጠ።

የእናቴ ጥያቄም መልስ ይገባዋል። ጊኒ ፒግ እንደ አይጥ ሁሉ ጥርሱ የሚቆረጥም፣ የሚከረክም የእንስሳት ወገን ነው። በዚህ ሰፊ ወገን ውስጥ ግን ከአይጥ ይልቅ ለእኛው ጃርት ይቀርባል። ጅራት የለውም። ከ700 ግራም እስከ 1.2 ኪሎ ይመዝናል፤ በደንብ ከተያዘ ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። ይህቺ የመጨረሻዋ ቁጥር በተለይ ልታሳስበን ይገባል። የአሥር ዓመት ልጅ ዛሬ የምትቀበለውን እንስሳ ኮሌጅ ልትገባ ስትዘጋጅም ልትመግበው ትችላለች፤ በመሃል ብትሰለች ደግሞ ኃላፊነቱ የወላጅ ነው።

በአንዲስ ገጠር ኩይ የኖረው በወጥ ቤት ወለል ላይ ነው። ምድጃው ያሞቀዋል፣ ሣርና የአትክልት ልጣጭ ይጣልለታል፣ ከወገኖቹ ጋር ጥግ ይዞ ይተኛል። የዱር ዘመዶቹም በሣር መሃል መሹለኪያ እያበጁ በቡድን የሚሮጡ ናቸው። ጊኒ ፒግ ከእኛ የሚፈልገው ነገር ሁሉ ከዚህ ይመነጫል፤ ወለል፣ ሣር፣ መሸሸጊያ፣ ጓደኛ።

ወለል ስል ቁመትን አልቆጥርም። ሱቅ ውስጥ ያየናቸው ባለ ፎቅ ቤቶች ዓይን ይስባሉ፤ ጊኒ ፒግ ግን ሯጭ እንጂ ተንጠላጣይ አይደለም። ለሁለት እንስሳ ዝቅተኛው 0.7 ካሬ ሜትር ነው፤ ወደ 1 ካሬ ሜትር ከተጠጋ ሰላም ያገኛሉ፣ እርስ በርስም አይናከሱም። እኛ በመጨረሻ የሠራነው እያንዳንዱ 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የሽቦ ፍርግርግ ነው። አራቱን በርዝመት፣ ሁለቱን በወርድ አያይዘን 70 በ140 የሆነ ግቢ አወጣን፤ ከሥሩ ጠርዙ ወደ ላይ የታጠፈ የፕላስቲክ ሰሌዳ አነጠፍን። ከተሸጠልን ቤት ከሁለት እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የፈጀው የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። የሽቦ ወለል ያለው ቤት ግን አይግዙ፤ መዳፋቸውን እያቆሰለ በቶሎ የማይድን ቁስል ይፈጥራል። የሚሽከረከር ጎማና የፕላስቲክ ኳስም ጀርባቸውን ይጎዳል።

መሸሸጊያው ለእያንዳንዳቸው አንድ ይሁን፤ ሁለት በር ይኑረው። አንድ በር ብቻ ካለው ጉልበተኛው በሩ ላይ ተኝቶ ደካማውን ያግተዋል። ልጄ ከጫማ ካርቶን ትቆርጥላቸዋለች። ግማሹን ይበሉታል፤ እሷም ሌላ ትቆርጣለች።

ቤቱ የሚቀመጥበት ክፍል ብዙ ሰው የማያስበው ጉዳይ ነው። የሚስማማቸው ሙቀት ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ከ27 ሲያልፍ ሙቀት ሊገድላቸው ይችላል። ስለዚህ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ሥር አይሆንም። በእኛ ቤት ሌላም ነገር አለ፤ ዕጣን። የመተንፈሻ አካላቸው ጭስ አይችልም። ቡና ስናፈላ አሁን ዕጣኑ የሚጨሰው ከእነሱ ርቆ፣ በረንዳው ተከፍቶ ነው። እናቴ መጀመሪያ ቅር ብሏት ነበር፤ አንደኛዋ ስታስነጥስ በዓይኗ ካየች በኋላ ማጨሻውን ራሷ ወደ በረንዳ መውሰድ ጀመረች።

የሚነጠፍላቸውም ነገር የሚተነፍሱትን ይወስናል። ሰጋቱራ በብናኙ የተነሳ አይሆንም፤ የጥድና የዝግባ ፍቅፋቂ ደግሞ ለእኛ አፍንጫ ደስ የሚለው ሽታው ለሳንባቸው ጎጂ ነው። ከወረቀት የተሠራ ንጣፍ ወይም ፍሊስ የሚባለው ለስላሳ ጨርቅ ይሻላል። ፍሊሱን ከመጠቀም በፊት ማለስለሻ ሳይጨምሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ማጠብ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሽንቱ ከላይ ይንሳፈፋል እንጂ ከሥር ወዳለው ፎጣ አይወርድም። አንድ ጊኒ ፒግ በቀን ከመቶ ፍሬ በላይ ይጥላል። በትንሽ መጥረጊያና ሰብሳቢ ጠዋትና ማታ መጥረግ የልጄ ሥራ ነው፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ሳሎኑ ራሱ ይናገራል።

አሁን ወደ ድርቆሹ ልመለስ። ከሚበሉት አምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ መሆን አለበት፤ ሌሊትም ቀንም ከፊታቸው መጥፋት የለበትም። ምክንያቱ ጥርሳቸውና አንጀታቸው ነው። ሃያ ጥርስ አላቸው፤ ሃያውም ዕድሜ ልክ ያድጋል። ጥርሱን የሚሞርደው ሻካራውን ሣር ወዲያና ወዲህ እያሉ መፍጨት ነው። አንጀታቸው ደግሞ እንደ ወፍጮ ነው፤ ያለማቋረጥ እየተጨመረበት ካልሄደ ይቆማል። ማስታወክ አይችሉም። አንድ ጊኒ ፒግ ግማሽ ቀን ሳይበላ ከዋለ «ነገ ይሻለው ይሆናል» የሚባልበት ጉዳይ አይደለም፤ ወደ ሐኪም ነው።

የገዛነው ድርቆሽ ቲሞቲ የሚባል ሣር ነው። ሣሩ ሳያረጅ ታጭዶ የደረቀ መሆን አለበት፤ ከተወቃ በኋላ የሚቀረው ጭድና ገለባ ለመተኛ እንጂ ለመኖ አይበቃቸውም። ይህንን ለእናቴ ማስረዳት አላስፈለገኝም። አልፋልፋ የሚል ከረጢት ሱቅ ውስጥ ስታይም «ይኼማ ለምትታለብ ላም ነው» አለች፤ ልክ ነበረች። አልፋልፋ ለእርጉዝ፣ ለምታጠባና ስድስት ወር ላልሞላው ግልገል ጥሩ ነው። ላደገው ግን ካልሲየሙ ይበዛና ፊኛው ውስጥ ጠጠር ይሆናል። ከድርቆሹ ሌላ ለእያንዳንዳቸው በቀን ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል የተጨመቀ መኖ ይበቃል፤ ዘርና ባለ ቀለም ፍሬ የተቀላቀለበት ሳይሆን አንድ ዓይነቱ። ውሃው በጠርሙስ ይንጠልጠል፤ በየቀኑም ይቀየር።

አንድ ነገር ግን ድርቆሽ አይሰጣቸውም፤ ቫይታሚን ሲ። አብዛኞቹ እንስሳት በሰውነታቸው ይሠሩታል፤ እነሱም እኛም አንችልም። እ.ኤ.አ. በ1907 አክሴል ሆልስትና ቴዎዶር ፍሮሊክ የተባሉ ኖርዌያውያን ተመራማሪዎች መርከበኞችን የሚያጠቃ ሕመም ሲያጠኑ ጊኒ ፒጎችን እህል ብቻ አበሉ። እንስሳቱን ያልጠበቁት በሽታ ያዛቸው፤ ድድ የሚያደማው፣ መገጣጠሚያ የሚያሳብጠው ስከርቪ። ቫይታሚን ሲ ወደተገኘበት መንገድ ያደረሰው አንዱ በር ይህ ነበር። ዛሬ ያ ሁሉ ታሪክ ለልጄ በየጠዋቱ የምትቆርጠው አንድ ጣት የምታህል የቀይ ፈረንጅ ቃሪያ ቁራጭ ነው። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ያስፈልጋቸዋል፤ ያቺ ቁራጭ አትጎድልባቸውም። ቫይታሚኑን ውሃ ውስጥ መበጥበጥ አይመከርም፤ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙን ጠልተውም ውሃውን ይተዉታል። ሰላጣ፣ የድንብላል ቅጠል፣ ትንሽ ካሮት ይወዳሉ። ጎመን አልፎ አልፎ ይሁን። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና አቮካዶ ፈጽሞ አይሰጥም፤ የሚያቃጥለው ቃሪያችንም እንዲሁ።

ብቻውን የሚኖር ጊኒ ፒግ ይከሳል፣ ዝም ይላል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣችው የእንስሳት ጥበቃ ደንብ ብቻውን ማኖርን ከልክላለች። የሰው ልጅ የቱንም ያህል ቢያቅፈው ጓደኛውን አይተካም፤ ጥንቸልም አትተካውም። ስለዚህ ሁለት ይሁኑ፤ ግን ጾታቸውን ልምድ ያለው ሰው ይይላችሁ። ባለቤት ላጡ እንስሳት መጠለያ ከሚሰጡ ቤቶች መውሰድ ከሱቅ የሚሻልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ተመርምረው፣ ከሚስማማቸው ጋር ተጣምረው ይጠብቋችኋል። ወንዱ ግልገል በሦስት ሳምንቱ ማስረገዝ ስለሚችል ያን ጊዜ ከእናቱም ከእህቶቹም መለየት አለበት። እኛ ዘንድ የተወለዱት ሦስቱ ከእናታቸው ሆድ ሁለት ወር ገደማ ቆይተው ሲወጡ ፀጉራቸው ሙሉ፣ ዓይናቸው የተከፈተ ነበር። በተወለዱበት ዕለት ድርቆሽ ሲያላምጡ አየን። ልጄ ያን ቀን ትምህርት ቤት አልሄደችም፤ እኛም ሂጂ አላልናትም። ኋላ የእንስሳት ሐኪሟ ጾታቸውን ለየችልን፤ ሁለቱ ለምናውቃቸው ቤተሰብ አንድ ላይ ሄዱ፤ አባትየው ተኮላሽቶ ከተቀሩት ጋር ቆየ።

ስለ ሐኪም ካነሳን፣ የእንስሳት ሐኪም ሁሉ ጊኒ ፒግ አያይም፤ ብዙዎቹ የሚያክሙት ውሻና ድመት ነው። እንስሳው ሳይታመም ስልክ ደውሎ ማረጋገጥ ያሻል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤት ውስጥ ከተረፈ የሰው መድኃኒት አትስጧቸው። ከብዙዎቻችን ቁም ሣጥን የማይጠፋው አሞክሳሲሊንና የፔኒሲሊን ወገኖቹ በአፍ ሲሰጣቸው አንጀታቸው ውስጥ ያለውን ጠቃሚ ተህዋስ አጥፍቶ ይገድላቸዋል። ይህንን ጎላ አድርጌ የምጽፈው በደግነት የሚሠራ ስህተት ስለሆነ ነው።

የመጨረሻው ዕቃ የወጥ ቤት ሚዛን ነው። ጊኒ ፒግ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ በመሆኑ ሕመሙን ይደብቃል፤ ሚዛን ግን ያሳብቅበታል። ልጄ በየእሑዱ ጠዋት ሳህን ላይ እያስቀመጠች ደብተር ላይ ትጽፋለች። እናቴ በመጣች በሁለተኛው ወር አንድ ማለዳ «ያቺ ነጯ ድርቆሹን አልነካችውም» አለችኝ። ቃሪያዋን በልታለች፣ ድርቆሹ ግን እንደተቆለለ ነው። እሑድ አልነበረም፤ ቢሆንም መዘንናት። 965 ግራም የነበረችው 890 ሆናለች። ሐኪሟ አፏን ከፍታ ስታይ የመንጋጋ ጥርሷ አንዱ ጠርዝ ሾሎ ምላሷን ይወጋት ነበር። አደንዝዛ ሞረደችላት፤ በውሃ የሚበጠበጥ የሣር ዱቄትና መርፌ የሌለው ስሪንጅ ሰጥታ በየጥቂት ሰዓቱ እንድናጎርሳት አዘዘችን።

የሌሊቱን ተራ እናቴ ወሰደችው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ሳያት ጋቢዋን ለብሳ፣ ነጯን በነጠላ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ስሪንጁን በከንፈሯ ጥግ ጠብ እያደረገችላት ነበር። «ዋጥ በይ እናቴ፣ ዋጥ በይ» ትላታለች። በመጀመሪያው እሑድ 905 ሆነች፤ በሁለተኛው 930። በሦስተኛው እሑድ ልጄ ደብተሩ ላይ 960 ብላ ጻፈች። እናቴ ግን ሚዛኑን አልጠበቀችም፤ ገና ሲነጋ ድርቆሹ መጉደሉን አይታ ነበር።