ወናፍ ለሞተር

ከጎንደር ወደ ደባርቅ ስትወጡ ወለቃ አለች፤ የቤተ እስራኤል ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች መንደር የነበረች። ቀጥቃጭ ከሰሉን በወናፍ አየር ሲያጠግበው እሳቱ ይበረታል። ሞተርም እንደዚያው ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር 20 በመቶ ገደማ ጉልበቱን ያጣል።

አሮጌ ዲኤክሳችሁን «ላስነሳው» ለምትሉ እኔ የምለው ይኼን ነው፦ ወናፉ ቱርቦ ነው፤ ግን የድሮ ፒስተን ግፊቱን ላይችል ይችላል። ጉልበቱም ጎማ የሚደርሰው በፍሪሲዮን፣ በካምቢዮና በዲፈረንሻል አልፎ ነው፤ ደካማው ቀድሞ ይሰበራል። ብር ካጠረ የዲፈረንሻሉን ጥርስ ለአቀበት በሚሆን መቀየር ይሻላል፤ ፍጥነት ቢቀንስም ይጎትታል።

ከሁሉ በፊት ግን ፍሬን! አቀበቱን የወጣ መኪና ቁልቁለቱንም ይወርዳል፤ መንገዱ ላይ ደግሞ ተማሪም አህያም አለ።