የዳነችው ዶሮ ወደ ቆጧ ስትመለስ

ቢሾፍቱ ላይ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ ከዶሮ መሸሽ አይቻልም። በትልልቆቹ እርባታዎች አንዲት ዶሮ ብትቆስል ሐኪም አይጠራላትም፤ ትለያለች፣ ትወገዳለች፣ በቃ። የጓሮ ዶሮ ግን በነጠላ ተጠቅልላ፣ በእቅፍ ሆና ክሊኒክ ትመጣለች። ይዘዋት የሚመጡት እናቶች ጥያቄም አንድ ነው፦ «ልጄ፣ ትድናለች ወይስ ላሳርዳት?»

ላሳርዳት ማለት ነውር የለውም። ሆዷ የተዘረገፈ ወይም ክንፏ ከመገጣጠሚያው የደቀቀ ዶሮ ስታጣጥር ከምታድር ብትታረድ ይሻላታል። ይሁንና የሚመጡልኝ አብዛኞቹ ቆዳቸው የተገፈፈ ብቻ ናቸው። የዶሮ ቆዳ እጅግ ስስ በመሆኑ ሸለምጥማጥ ወይም የጎረቤት ውሻ ጎትቶ ሲለቃት ጀርባዋ ተገልጦ ሥጋዋ ይታያል፤ ያስደነግጣል። በእግሯ ከቆመችና ውሃ ከጠጣች ግን ተስፋ አላት።

ከቁስሉ በፊት አንድ ነገር አጣራለሁ። «ልጆች በድንጋይ መቷት መሰለኝ፣ አንገቷ ዞረ» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። አንገት መጠምዘዝ፣ አረንጓዴ ተቅማጥና ማለክለክ ካለ የድንጋይ ነገር ላይሆን ይችላል፤ ፈንግል ነው ብዬ እጠረጥራለሁ። እንዲህ ያለችውን ማስታመምና ወደ ሌሎቹ መመለስ መንጋውን መጨረስ ነው። የፈንግል ክትባት እዚሁ ቢሾፍቱ እየተመረተ ጎረቤት ለጎረቤት ዶሮ በፈንግል ሲያልቅ ማየት ያናድዳል።

በእርግጥ የቆሰለች ከሆነ የመጀመሪያው መድኃኒት ሙቀትና ጨለማ ነው። ካርቶን ውስጥ ጭድ ወይም ሰጋቱራ፣ አጠገቧ ሙቅ ውሃ የተሞላ ሃይላንድ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከልጆችም ከድመትም ራቅ ብሎ። ውሃ በግድ አፏ ውስጥ አታንቆርቁሩ፤ የመተንፈሻዋ ቀዳዳ ከምላሷ ሥር ስለሆነ ሳንባዋ ይገባል። መንቆሯ ጠርዝ ላይ ጠብ አድርጉላት፣ ራሷ ትውጠዋለች።

ስትረጋጋ ቁስሉ ይታጠባል። አንድ ሊትር ፈልቶ ለብ ያለ ውሃ፣ 9 ግራም ጨው፤ ከዚህ የተሻለ ማጠቢያ ቤት ውስጥ የለም። ዙሪያውን ያለውን ላባ በመቀስ ቁረጡ እንጂ አትንጩ። ወደ እኔ ከመምጣታቸው በፊት የተደረገላቸው ግን ሌላ ነው፦ የቡና ዱቄት፣ ቅቤ፣ በረኪና፣ ከሁሉም በላይ የቴትራሳይክሊን ካፕሱል ተፈልቅቆ የተነሰነሰ ዱቄት። ዱቄቱ ከደም ጋር ተጋግሮ ቆሻሻውን ከሥሩ ይሸፍነዋል። ቅቤው ላባዋን አጣብቆ ሙቀቷን ያሳጣታል። ንጹሕ ማር ቢቀባ አልቃወምም፤ ዝንብና ጉንዳን እንዳይደርስበት ከተሸፈነ ይጠቅማል። ለሰው የታዘዘ የሕመም ማስታገሻ ግን በፍጹም አይሰጥ፤ በተለይ ዲክሎፌናክ የወፍ ኩላሊት ያበላሻል። በደቡብ እስያ ጥንብ አንሳዎችን ሊያጠፋቸው የደረሰው ይኸው መድኃኒት ነው።

የዶሮ መግል አይፈስም፤ እንደ አይብ ይረጋል። «መግል የለውም» ብላችሁ አትዘናጉ፤ ቆዳ ሥር ጠንካራ ቢጫ ነገር ካገኛችሁ ወደ ባለሙያ ውሰዷት። የድመት ንክሻ ደግሞ ቀዳዳው ትንሽ ቢሆንም ውስጡ አደገኛ ነውና ሳይውል ሳያድር ይታይ። ዝንብ ከደረሰበትም በአንድ ቀን ትል ሊያፈራ ይችላል፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ገልጦ ማየት ነው።

እስከዚህ ያለውን ብዙ ሰው በደንብ ይወጣዋል። የሚከብደው ወደ መንጋው መመለሱ ነው። ኖርዌያዊው የእንስሳት ጠባይ ተመራማሪ ቶርሌፍ ሼልደሩፕ-ኤቤ እ.ኤ.አ. በ1921 እንደጻፈው፣ በዶሮዎች መካከል ማን ማንን እንደሚነቁር የተወሰነ ደረጃ አለ። ባለቤቶቹ ይህን ሳያነቡም ያውቁታል፤ «ያቺ ጥቁሯ አታስበላቸውም» ይሉኛል። ተለይታ የከረመች ዶሮ ቦታዋ አይጠበቅላትም። ማድ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀልባ፣ ደህና ስትሆን በጠራራ ፀሐይ መሃላቸው ብትለቀቅ እንደ እንግዳ ይረባረቡባታል። የተረፈ ቀይ ቁስል ካለ ደግሞ ያንኑ እየነቆሩ ይከፍቱታል፤ ደም ያየ ዶሮ አይተውም።

ስለዚህ ደሙ ቆሞ ብርታት ካገኘች ወዲያ፣ ገና እየታከመች ሳለ፣ ከሌሎቹ እንዳትሰወር እመክራለሁ። የዶሮ ቤቱ ጥግ በወንፊት ሽቦ ይከለል፤ ትያቸው፣ ይዩዋት፣ ጎን ለጎን ይብሉ፣ ግን አይድረሱባት። ቆዳው ሙሉ በሙሉ ሳይገጥም ሽቦው አይነሳ። ጄንሺያን ቫዮሌት የቁስሉን ቅላት ስለሚደብቅ ጀርባ ላይ ሲቀባ ይረዳል። ጭንቅላቷን ግን ባትቀቡት ይሻላል፤ ዶሮዎች የሚተዋወቁት በዋናነት በጭንቅላታቸው መልክ ነው።

ሽቦው ሲነሳ መጀመሪያ ከመንጋው የዋኋን አንዷን ከእሷ ጋር አድርጉ። ጥሬና ውሃ በሁለት ቦታ ይቀመጥ፤ ጎመን ከፍ አድርጋችሁ ብታንጠለጥሉ ሌሎቹ ሥራ ያገኛሉ። ትንሽ መናቆር ይኖራል፤ አትግቡበት፣ ደረጃው ሳይነቃቀሩ አይወሰንም። ደም ከታየ ወይም አንዷ እያሳደደች ጥሬ ከከለከለቻት ግን የምትወጣው የዳነችው ሳትሆን አሳዳጇ ናት። ለጥቂት ቀን ሽቦው ውስጥ ትግባ፤ ስትመለስ የራሷን ቦታ ስትፈልግ ሌላውን ትረሳለች። አውራ ዶሮውም የመጨረሻው ይሁን። ሲወጣባት ጥፍሩ የሚያርፈው እዚያው ጀርባዋ ላይ ነው፤ የአንዳንዶቹ የጀርባ ቁስል መነሻም እሱ ነው፣ ውሻው በከንቱ ይታማል።

ቆጥ ላይ ከሌሎቹ መሃል ማደር ስትጀምር ተመልሳለች። እንቁላሏ ሊዘገይ ይችላል፤ አትቸኩሉባት። ጸረ ተሕዋስያን መድኃኒት ወስዳ ከሆነ ደግሞ እንቁላሏና ሥጋዋ የማይበላበትን ጊዜ ካዘዘላችሁ ሐኪም ጠይቁ፤ ያ ጊዜ ሳያልፍ ለልጆች አትቀቅሉ፣ ለሱቅ አትሽጡ፣ በዓል ደረሰ ብላችሁም አታሳርዷት።