ስለ ቤተ መዘክር መብራት

ቤተ መዘክር ሁለት ሥራ አለበት፤ አንደኛው የጥንቱን ዕቃ ለተመልካች ማሳየት፥ ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ለመጪው ትውልድ ማቆየት ነው። ለማሳየት ብርሃን ያስፈልጋል፤ ነገር ግን ማር ሲበዛ ይመራል እንደሚባለው፥ ብርሃንም ከመጠን ሲያልፍ ገንዘብንም ዕቃንም ይበላል። ስለዚህ መብራትን መቆጠብ የሒሳብ ሹሙ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የቅርስ ጠባቂውም ጉዳይ ነው።

በመጀመሪያ ወጪውን እንመልከት። የቀድሞው ባለ ክር አምፑል ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ብርሃን የሚሆነው ከመቶ 5 እጅ ያህል ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኤል ኢ ዲ የተባለው አምፑል ግን ባለ 60 ዋቱ የሚሰጠውን ብርሃን በ9 ዋት ገደማ ይሰጣል። 20 አምፑል ያለበት አዳራሽ በቀን 8 ሰዓት ቢበራ፥ በፊተኛው 9.6፥ በኋለኛው 1.44 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ሰው ሲገባ የሚያበራ፥ ሲወጣ የሚያጠፋ መሣሪያ ቢጨመርበት ከዚህም ይቀንሳል።

ከወልቂጤ ወደ ጅማ ስንሄድ የምንሻገረው የግቤ ውሃ ወደ ታች ወርዶ ኦሞ ከተባለ በኋላ፥ እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀውንና 1,870 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የግቤ ሦስት ጣቢያ ያንቀሳቅሳል። ኃይሉ ብዙ ነው ብሎ ማባከን ግን አይገባም፤ መብራት ያልገባባቸው የገጠር ቤቶች ገና ብዙ ናቸውና።

ሁለተኛው የዕቃው ደኅንነት ነው። ብርሃን የጨርቅን ቀለም ያደበዝዛል፥ ክሩንም ያደክማል። ጉዳቱ በየቀኑ ይጠራቀማል እንጂ ተመልሶ አይጠገንም። ስለዚህ የሙያው ሰዎች ብርሃንን ሉክስ በሚባል መለኪያ እየለኩ፥ ለጨርቅና በውሃ ቀለም ለተሣለ ሥዕል 50፥ ለዘይት ቀለም ሥዕል 200 ሉክስ ያህል ይፈቅዳሉ። በ200 ሉክስ 3 ወር የተሰቀለ ቀሚስ፥ በ50 ሉክስ 12 ወር የተሰቀለውን ያህል ይጎዳል።

ድንጋይ ግን ብርሃንን ይችላል። ከቡታጅራ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኙት፥ እ.ኤ.አ. በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡት የጢያ ትክል ድንጋዮች ለብዙ መቶ ዓመታት ፀሐይ ላይ ቆመዋል። የአያቶቻችን ፈትልና የቆዳ ዕቃ ግን ይህን ያህል ጽናት የላቸውም።

ብርሃኑ ቢቀንስ ተመልካቹ እንዴት ያያል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ዓይን ከፀሐይ ሲገባ ለጊዜው ይጨልምበታል፤ ጥቂት ሲቆይ ግን ይለምዳል። ስለዚህ መግቢያው ከደጁ፥ አዳራሹ ከመግቢያው ቀስ በቀስ እንዲደበዝዝ ይደረጋል።

ይህ ትምህርት ለትልልቅ ቤተ መዘክሮች ብቻ አይደለም። በትምህርት ቤታችን የባህል ዕቃ በምናሳይበት ጊዜ ጨርቁን ከመስኮት እናርቅ፤ መጋረጃ እንጋርድ፤ ተመልካች ሲወጣ መብራቱን እናጥፋ። ወላጆችም የእናታቸውን ቀሚስ አምነው ሲያውሱን፥ ቀለሙ ሳይደበዝዝ መመለስ አለብን።