ለዱር አራዊት ሥነ ምኅዳር የድኅረ ምረቃ ትምህርት ማመልከት

የዱር አራዊት ሥነ ምኅዳር እንስሳት ከመኖሪያቸው፣ ከምግባቸው፣ ከበሽታና ከሰው ጋር ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር የሳይንስ ዘርፍ ነው። ይህን ትምህርት በማስተርስ ደረጃ ለመቀጠል የሚሹ የባዮሎጂ መምህራን አሉ። ይሁን እንጂ ማመልከቻ የሚዳከመው በውጤት ማነስ ብቻ አይደለም፤ አመልካቹ ሊመረምር የሚፈልገውን ጥያቄ ለይቶ ባለማቅረቡም ጭምር ነው።

በአገር ውስጥ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለድኅረ ምረቃ ትምህርት የሚያመለክት ሰው ብሔራዊውን የመግቢያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ከዚህም ጋር የትምህርት ማስረጃ፣ የድጋፍ ደብዳቤና ትምህርት ክፍሉ የሚጠይቃቸው ሌሎች ሰነዶች ይቀርባሉ። በአሜሪካ ግን በዚህ ዘርፍ ብዙውን ጊዜ አንድ ፕሮፌሰር አመልካቹን ለማማከር መፍቀዱና የምርምር ገንዘብ መኖሩ ለመግባት ወሳኝ ነው። ስለዚህ አመልካቹ ማመልከቻውን ከማስገባቱ አስቀድሞ ለፕሮፌሰሩ መጻፍ ይኖርበታል።

የጥያቄን አመራረጥ በምሳሌ እንመልከት። የቀይ ቀበሮ ጠቅላላ ቁጥር ከ500 በታች እንደሆነ ይገመታል፤ ከእነዚህም የሚበዙት የሚኖሩት በባሌ ተራሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 ከውሾች የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ በዚያ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። እንግዲህ አንድ አመልካች «እንስሳትን ስለምወድ» ብሎ ቢጽፍ ለመራጮቹ ያስረዳው ነገር የለም። «የእረኞች ውሾች ወደ ቀበሮዎቹ ክልል ይበልጥ የሚዘልቁት በየትኛው ወቅት ነው?» ብሎ ቢነሣ ግን የሚቆጠረው ነገር፣ የሚቆጠርበት ቦታና ጊዜ፣ የሚያስፈልገውም ወጪ በግልጽ ይታያል። መልሱም ክትባት መቼ ቢሰጥ እንደሚሻል ለመወሰን ይረዳል።

የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍ መምህርም «ታታሪና ጨዋ ነው» በማለት ብቻ መወሰን የለበትም። አመልካቹ በመስክ ምን እንደሠራ፣ መረጃውን እንዴት እንደመዘገበ፣ ሲሳሳትም እንዴት እንዳረመ በተጨባጭ ቢገልጽ ደብዳቤው ክብደት ያገኛል።

የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም ድርሻ አላቸው። የመስክ ጥናት ቢያንስ አንድ የበጋና አንድ የክረምት ወራት ምልከታ የሚሻ በመሆኑ፣ ለመምህራን የሚሰጠው የትምህርት ፈቃድ ይህንኑ ያገናዘበ ሊሆን ይገባል። ጊዜ ያጠረው ተማሪ ግማሽ ዓመት ብቻ ያየውን እንደ ሙሉ ዓመት አድርጎ ለመደምደም ይገደዳል፤ እንዲህ ባለው ድምዳሜ ላይ የሚመሠረት የጥበቃ ውሳኔ ደግሞ ጉዳቱ የሚያርፈው በአራዊቱና በአካባቢው ነዋሪ ላይ ነው።